የቀኝ እጅ ሰዓት

«ኧረ ነጅሙ፣ በልጅህ ለቅሶ ካቻቢቴ ታነሳለህ?» አለች ሚስቱ ሀጀራ ከበሩ ቆማ። ድምጿ ከማልቀስ ብዛት ሰልሏል።

ነጅሙዲን ቀና አላለም። ከለቅሶው ዳስ ሸሽቶ ሰዓት ከሚጠግንባት ጠባብ ክፍል ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ የልጁ የታሂር ሰዓት ተደፍቶ ተኝቷል። ከናቅፋ ግንባር የተመለሰለት እሱ ብቻ ነው፤ አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣ ማሰሪያው ተበጥሷል፣ መሄድም ትቷል።

«አንዴ ሲሄድ ልስማውና እመለሳለሁ» አላት።

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል።»

ሰውማ ሲል ነው የኖረው። የቆቦ ሰው ነጅሙዲንን ማማት ዛሬ አልጀመረም። ከአፋር የሚመጣ ነጋዴ፣ መንገድ ላይ ያደረ ሹፌር፣ የማይሠራ ሰዓት ያለው ሁሉ ወደሱ ያመጣል። አንዴማ የምትታለብ ፍየል ሰጥቶ ቆጣሪ የሌለው ሰዓት ወሰደና «ነጅሙ ፍየሉን በዝገት ለወጠ» ተብሎ ገበያው ሙሉ ተሳቀበት። እሱ ግድም አልሰጠው። የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ የጣሊያን ጊዜ ሰዓቶች ሬሳ ሞልቷል። ካንዱ ጥርስ፣ ካንዱ ሞላ እየነቀለ፣ ወራት ፈጅቶ አንዱን ያስነሳል። ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ሁለቱን ልጆች ጠርቶ ጆሯቸው ላይ ያደርግላቸዋል።

ሁለቱ ልጆች የሱው ታሂርና የጎረቤቱ የሰይዳ ልጅ አብዱሰመድ ናቸው። የአብዱሰመድ አባት የሞተው ልጁ ገና ሲድህ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ያደገው እዚህ ጠረጴዛ ሥር፣ ግንባሩን እያጋጨ ነው። ነጅሙዲንን «አባቴ» ይለዋል። ነጅሙዲንም አንድ ቀን እንኳ «አባትህ አይደለሁም» ብሎት አያውቅም።

ጎረምሶች ሲሆኑ መንታ ሰዓት አስነሳላቸው፤ አንድ ሥሪት፣ አንድ መልክ። የታሂር ምንም አልጎደለውም። የአብዱሰመድ ግን የሞላው መያዣ ጠፍቶ ስለነበር ነጅሙዲን ከጥይት ቀለሃ ሞርዶ ሠራለት። ከላይ ሲያዩአቸው ግን እሱ ራሱ አይለያቸውም። ልጆቹ ሰዓታቸውን እንዳሰሩ በገበያ ቀን አፈሳ መጣና በአንድ መኪና ተጭነው ሄዱ።

የጀርባውን ክዳን አነሳው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎነበሰ።

በነጩ ብረት መሀል ቢጫ ቀለሃ ነበር።

ደስ አለው። ምን ይደበቃል፣ ደስ አለው። ጠረጴዛውን ይዞ እስኪቆም ድረስ ደስ አለው። ታሂሬ አልሞተም!

«ያንን ውሃ ወዲህ በሉት እንጂ፣ እንግዶቹ ደረሱ» የሚል ድምፅ ከግቢው ተሰማ። የሰይዳ ድምፅ ነው። የሰዓቱን ክዳን መልሶ ገጠመው።

ሰይዳ መርዶው ከተነገረ ወዲህ አልተቀመጠችም። እንጨቱን የምትፈልጥ፣ ንፍሮውን የምትቀቅል፣ የሀጀራን እግር የምታጥብ እሷ ናት። ትናንት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «ወንድሜ፣ የኔን ልጅ አንተ ነህ ያሳደግህልኝ። ኢንሻአላህ ሲመለስ የሁላችን ልጅ ይሆናል» ብላው ነበር። እሱም «አሚን» ብሏታል።

ሰዓቱን በመዳፉ ጨብጦ ከቤቱ ጀርባ ወጣ። መርዶውን ያመጣው ቁስለኛ ወታደር ይግዛው ክራንቹን አጋድሞ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ወደ አገሩ መርሳ ሲሄድ ሰዓቱን ለማስረከብ ከአውቶብስ ወርዶ፣ «ለቅሶው ሳያልቅ አትሄድም» ተብሎ የቀረ ነው።

«ልጄ፣ ስሙን ማን ነበር የምትሉት?» አለው ነጅሙዲን።

«ቆቦ ነዋ፣ አባባ። እዚያ በአገር ነው የምንጠራራው። እኔን መርሳ ይሉኛል።»

«ታዲያ ቤቴን በምን አወቅህ?»

«አባቴ ሰዓት ሠሪው ነጅሙዲን ነው ይል ነበር። ሰዓቱን ጆሯችን ላይ ያደርግና ‹ስሙ፣ ይቺን አባቴ ነው ከሞት ያስነሳት› ይለናል። የሰለቸን ሁሉ ነበርን።» ወታደሩ ፈገግ ሊል ሲል ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አለውና ተወው።

«ከየትኛው እጁ ነው ያወለቅኸው?»

ይግዛው የራሱን እጆች አየና «ከቀኙ» አለ። «ግራኝ አልነበር?»

ነበር እንጂ። በግራው በጎረሰ ቁጥር ሰይዳ እጁን ቸብ ታደርገው ነበር። ነጅሙዲን ነው «ተይው፣ ወረንጦ ሲይዝ የሚያምርበት በግራው ነው» እያለ የሚያስጥለው።

«ሌላ የቆቦ ልጅስ አብሯችሁ አልነበረም?»

«ከኛ ጋር አልነበረም። ከማሠልጠኛ ሲወጡ ወደ ሌላ ግንባር የተመደበ ወንድም አለኝ ይል ነበር። ምነው አባባ?»

ነጅሙዲን መርዶውን የሰማ ዕለት ምን ብሎ እንደለመነ ትዝ አለው። «ያ ረቢ፣ ተሳስተው ይሁን፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሁን» ነበር ያለው። ታዲያ የሌላ ሰው ያለው ይሄን ልጅ ነው? አባቴ ብሎ የሞተውን?

ለሀጀራ ልንገራት ቢል ከደስታዋ ብዛት መጮኋ አይቀርም፤ ሰይዳም የልጇን ሞት ከሀጀራ እልልታ ልትሰማው ነው። ዝም ልበል ቢል ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ከሰሜን የሚመጣውን አውቶብስ ሁሉ እያየች ትኖራለች። ታሂርንስ በቁሙ እስከ መቼ ያለቅሱታል? እሱስ ቢሆን እዚያው እሳት ውስጥ አይደል ያለው? ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሰዓቱን ኪሱ ከቶ ወደ ዳሱ ተመለሰ። ሸህ በድረዲን ዱዓውን አሳርገው፣ ሰዉ «አሚን» ብሎ ፊቱን እያበሰ ነው። እንግዶቹ ሹክሹክታቸውን ቀጠሉ።

«የሞተ ተጎዳ» አለ አንዱ። «ሰይዳ ግን ቤቱን ቀጥ አድርጋ ያዘችው። የሷ እንኳን ተረፈላት።»

ሰይዳ በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ማስታጠቢያ ይዛ ገባች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋለች፤ እንጨት ስትፈልጥ የቆየችበት እጇ ተልጧል። በዳሱ ራስ የተነጠፈው የነጅሙዲን ምንጣፍ ባዶ ነው፤ የሐዘንተኛ ቦታ ነውና ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

ነጅሙዲን ፊቷ ቆመና ጆጉን ከእጇ ወሰደ፣ ማስታጠቢያውንም ወሰደ። ከዚያ ክንዷን ይዞ በወንዶቹ መሀል አሳልፎ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣት።

«ምን ነካህ ወንድሜ?» አለች፣ ልትነሳ እየሞከረች። «እኔን አስቀምጠህ አንተ ልታስታጥብ ነው? ሐዘንተኛ ውሃ አይዝም እኮ።»

ሰይዳ ፊቱን አየች፤ ለመነሳት መሬቱን የተደገፈ እጇ እዚያው ቀረ። እሱ ጎንበስ ብሎ ዳር ለተቀመጠው እንግዳ ውሃውን ማፍሰስ ጀመረ።