የሃያ ዓመቱ ሲሊኮን

ሰድር በማንጠፍ ነው የኖረው፤ የሥራ ጓደኞቹ "ሚሊሜትር" ይሉታል። ለአንዲት ሚሊሜትር ስህተት የግድግዳውን ሰድር ሁሉ ነቅሎ እንደገና የሚለጥፍ ደረቅ ሰው! ታዲያ ማን ይሙት፣ የራሱ ቤት ሻወር ሁለት ወር ሙሉ ተዘግቶ ነበር። በገንዳውና በግድግዳው መካከል ያለው ማሸጊያ ተሰነጣጥቆ ውሃው ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። የሰው ቤት ሲያሳምር የራሱን ነገ ዛሬ እያለ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አባቱ ታመው እሱ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ታላቅ እህቱ አልጋቸው ላይ እንዳሉ በእርጥብ ፎጣ ታብሳቸዋለች። ሐኪሙ "ከእንግዲህ ቢበዛ የሳምንታት ጉዳይ ነው" ብሎ ነው ወደ ቤት የሸኛቸው። እህቱ ይህን ሰምታ አለቀሰች። ሚሊሜትር ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ቀን ጠዋት አባትየው ቀና ብለው ተቀመጡ።

"ዛሬ ደህና ነኝ" አሉ። "ውሃ ይውረድብኝ እስቲ። ፎጣው ሰለቸኝ።"

ሚሊሜትር ማሸጊያ ሊገዛ ሲወጣ እህቱ እስከ በሩ ተከተለችው። "አፈር ስሆን፣ ቶሎ የሚደርቀውን ገዝተህ ና። ዛሬውኑ ይታጠቡ።"

የሕንፃ ዕቃ መደብር ውስጥ ባለሱቋ ሁለት ቱቦ ማሸጊያ ደረደረችለት። "ይሄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ውሃ ይችላል፤ ዕድሜው ግን ስድስት ወር ነው። ይሄኛው ንጹህ ሲሊኮን ነው፤ ሻጋታ አይዘውም፣ ሃያ ዓመት ንቅንቅ አይልም። ብቻ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እንዳይነካው።"

ሚሊሜትር የስድስት ወሩን አንስቶ ያዘው። ስድስት ወር ይበቃል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አሳምሮ ያውቃል! እንደ ፍም እጁን ያቃጠለው ይመስል መልሶ አስቀመጠው።

"አባቴ ናቸው እኮ የሚታጠቡበት" አላት፣ የሰደበችው ያህል ተቆጥቶ። "የሃያ ዓመቱን ስጪኝ።"

ወይ ሰው! ዕድሜ በቱቦ የሚሸጥ መሰለው።

ቤት ገብቶ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቆ አወጣ፣ ስንጥቁን በአልኮል ወለወለ፣ አደረቀ፣ ሲሊኮኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሞላና በሳሙና በራሰ ጣቱ አለሰለሰው። እንደዚያ ያለ ሥራ በዕድሜው ሠርቶ አያውቅም። ሲጨርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል።

"ደረሰ?" አሉ አባትየው ከመኝታ ቤት።

"ነገ፣ አባባ። ነገ በዚህ ሰዓት። አሁን ከነካነው ይበላሻል።"

"የምታጥበው እኔን ነው ወይስ ሰድሩን?" ብለው ሳቁ። ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። "ዛሬ ነበር እኮ ያማረኝ፣ ልጄ።"

እህቱ ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ያዘችው። "ቢበላሽ ነገ ትሠራዋለህ። ሙያህ አይደል እንዴ?"

"በእጄ የሠራሁትን በእጄ አላፈርስም፣ እትዬ። አንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ምን አላት?"

እህቱም ፎጣውን ነክራ ጨመቀችና ወደ አባቷ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሻይ ይዛላቸው ብትገባ፣ ትንፋሽ የለም። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወንድሟን ጠራችው።

ሚሊሜትር አልጋው ሥር ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሲወጣለት ተነሣና አባቱን አቅፎ ወደ ሻወሩ ወሰዳቸው፤ ልጅ የተሸከመ ያህል ቀለሉት፣ ያ ደግሞ የባሰ አንጀቱን በላው። ገንዳው ውስጥ አስተኝቷቸው ቧንቧውን ሲይዝ እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሊደርቅ ሦስት ሰዓት ይቀረዋል" አለችው።

"ይበላሽ! ገደል ይግባ!"

"ይህን ትናንት ብትለው ምን ነበረበት?"

ሚሊሜትር ውሃውን ከፈተ። ቀዝቃዛው እንዳይነካቸው ወደ ጎን አዙሮ፣ እስኪሞቅ ድረስ በክንዱ እየለካ ጠበቀ።