ውሃ የማይነካው አፍ

ኬክ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠራት «ምላሴ» እያለ ነው። ስሙን ያወጣችላት አክስቷ ናት፣ የቤቱ ባለቤት። እናቷ የሞተችባትን ልጅ ከነሻንጣዋ ወስዳ ያሳደገች ሴት ስም ላውጣ ብትል ማን ይከለክላታል? ደግሞም ውሸት አልነበረም። ያቺ ልጅ ክሬም በማንኪያ ጫፍ ቀምሳ፣ ቅቤው ነገ ሊበላሽ መሆኑን ዛሬ ትናገር ነበር። አንድ ጊዜ የመጣውን ቅቤ በሙሉ «ይመለስ» አለች። ነጋዴው እየተሳደበ ጭኖ ሄደ። በማግስቱ ያንኑ ቅቤ የገዛ ሌላ ኬክ ቤት በደንበኛ ፊት ጉድ ፈላበት። ከዚያ ወዲህ አክስቷ እሷ ያልቀመሰችው ነገር ከጓዳው እንዲወጣ አትፈቅድም።

አክስቲቱ ራሷ አትቀምስም። «እኔማ ዕድሜ ልኬን ቀምሼ ጠገብኩ» ትላለች፣ ያንን ነጭ፣ እኩል የተሰደረ ጥርሷን ብልጭ እያደረገች። ተጫዋች ናት፣ ለደንበኛ ጥርስ አታስከድንም። በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ጥርስ! አይቶ ያልቀና የለም። «በስኳር መሃል እየኖርሽ እንዴት አስችሎሽ ጠበቅሽው?» ሲሏት «ተፈጥሮ ነው» ብላ ትስቃለች። ተፈጥሮ! ቆይ፣ እንመጣበታለን።

ለምላሴ ያወጣችላት ሕግ ነበር። በሥራ ሰዓት ውሃ አፍ አይገባም፤ ውሃ ጣዕም ያጥባል። የጥርስ ሳሙናማ ጭራሽ አይታሰብም፤ ያ ሚንት የሚሉት ነገር ምላስን ቀኑን ሙሉ ያደነዝዘዋል። «እሁድ ሥራ የለም፣ እሁድ እንደልብሽ ፈትጊ» ትላታለች። እንግዲህ አስቡት። ጠዋት ሽሮፕ፣ ረፋድ ላይ ክሬም፣ ከሰዓት ቸኮሌት፣ ወደ ማታ ደግሞ ለነገ የሚውለው ማርማላታ። ሁሉም በማንኪያ ጫፍ ይገባና በከንፈሯና በፊት ጥርሷ መሃል ተለጥፎ ይውላል። ቤት ስትገባ ደግሞ ድካሙ አያስቆማትም፤ ዘጭ ብላ ስኳሩን እንደያዘች ትተኛለች። ልጅቷ ምን ታድርግ? ያሳደገቻት አክስቷ ስትነግራት አመነች።

አንድ ነገር ብቻ ይገርማት ነበር። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፤ ማታ ማታ አክስቷ መታጠቢያ ቤት ትገባና በሩን ቆልፋ በብሩሽ የሆነ ነገር ስትፈትግ ትሰማታለች። አንድ ቀን በበሩ በኩል «እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ብትላት «ጫማዬን እያጸዳሁ ነው፣ ተኚ!» ተባለች። ጫማ፣ በየማታው! ልጅቷም ተኛች።

የፊት ጥርሶቿ ድዱ አጠገብ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሲያወጡ ደንግጣ መጀመሪያ ያሳየችው ለአክስቷ ነው። አክስቷ አገጯን ይዛ ወደ መብራቱ አዞረቻት። ትክ ብላ አየች፤ ነጥብ ለማየት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። «ቸኮሌት ነው» አለች በመጨረሻ። «እሁድ ትፈትጊዋለሽ።»

እሁድ ፈተገችው፣ አልለቀቀም። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካት እስከ ጆሮዋ ዘልቆ ይወጋት ጀመር። ባለ ምድጃው፣ እዚያ ቤት ከአክስቲቱ ጋር ያረጀው ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጉንጯን ይዛ ቆማ አያትና «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽን ታዪ!» አላት። አክስቷ ከወዲያ ማዶ ሰማች። «አንተ ዳቦህን አታሳርር!» ብላ ጮኸችበት። እሱም ልጅቷን ትቶ ወደ ትሪው ዞረ።

ነገሩ የከረረው የትልቁ ሆቴል ዋና ሼፍ ሱቁ የመጣ ቀን ነው። ምላሴ ያስጌጠችውን ኬክ ቀምሶ ባለሙያዋን ጥሩልኝ አለ። «እንግዶች ፊት ቆሞ ኬክ የሚያስጌጥ፣ የሚያስቀምስ ሰው እየፈለግኩ ነው» አላት። «እጅሽን አየሁ፣ ስለ ምላስሽ ሰማሁ፣ ፈገግታሽም ይኸው። ወር ሲጠባ ጀምሪ።» ነጥቦቹን ከንፈሯ ሥር ደብቆ መሳቅ ለምዳ ስለነበር አላያቸውም። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ መስኮት አልባ ጓዳ ወጥታ ሰው ፊት ልትቆም፣ የራሷን ክፍል ተከራይታ በራሷ ቁልፍ ልትገባ! ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ሌላ የተመኘችው ነገር የለም።

«እትዬ፣ ልሂድ?» አለች እየፈራች።

«ሂጂ እንጂ! እሰይ የኔ ልጅ!» ብላ አገላብጣ ሳመቻት አክስቷ። «እስከዚያው ግን ትዕዛዝ አለብን፣ አደራሽን ጠንክረሽ ቅመሺልኝ።»

ያን ሰሞን ማስቀመሱን አበዛችው። ሽሮፑን አንዴ ቀምሳ «ልክ ነው» ብትላት «እስቲ ድገሚው» ትላታለች። ማሩን፣ ካራሜሉን በማንኪያ እየያዘች እንደ ሕፃን ታጎርሳት ነበር። ልጅቷ ፍቅር መሰላት። የመለያያ ፍቅር።

አንድ ጠዋት የፊት ጥርሷ ልክ እንደ ልብ እየመታ ቀሰቀሳት። «እትዬ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ» አለች። «ለዚች ለዚች?» አለች አክስቷ። «ቅርንፉድ ያዢበት። የታዘዝነውን የሠርግ ኬክ እናስረክብና እኔው ራሴ እወስድሻለሁ።» ቅርንፉድ ያዘችበት። በማግስቱ የሕመም ማስታገሻ ሰጠቻት፤ «ነገ እንሄዳለን» አለቻት። ነገ ሲመጣ ሌላ ነገ አመጣች። ከንፈሯ አበጠ፣ ከዚያ ጉንጯ፣ ከዚያ አንድ ዓይኗ ተደፈነ፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ጀመር። በመጨረሻ ባለ ምድጃው አላስችል ብሎት ሽርጡን እንኳን ሳያወልቅ ደግፎ ታክሲ ውስጥ አስገባት። አክስቷ በሩ ላይ ማንኪያ ይዛ ቆማ ነበር። «ምነው፣ ክሬሙን እንኳን ሳትቀምሺ?» አለች። ወይ ጉድ! እንዲህ ነው ያለችው።

የጥርስ ሐኪሟ ወጣትና ቁጡ ናት። መግሉን ካፈሰሰች በኋላ «ትንሽ ብትቆዪ ወደ ዓይንሽ፣ ከዚያም ወደ ጭንቅላትሽ ይዘልቅ ነበር» አለቻት። «በጥርስ ሰው እንደሚሞት አታውቂም? ለመሆኑ ትቦርሻለሽ?»

«እሁድ እሁድ።»

«እሁድ እሁድ! ልብስ ነው እንዴ የምታጥቢው?» ብላ ጓንቷን አወለቀች። «ጠዋትና ማታ መቦረሽ ነበረብሽ፣ በተለይ ማታ። ጣፋጭ በቀመስሽ ቁጥር በውሃ መጉመጥመጥ፣ ነጥብ ስታዪ ቶሎ መምጣት። ሌላ ተአምር የለውም። ያኔ ብትመጪ ሞልቼልሽ በዚያው ቀን ሥራሽ ትገቢ ነበር። አሁን ግን የላይኞቹ የፊት ጥርሶችሽ እስከ ሥራቸው ተበልተዋል፣ ይነቀላሉ።»

ማደንዘዣው ጥሩ ነበር፤ አላመማትም። ጥርሶቿ አንድ በአንድ ሳህኑ ላይ ሲወድቁ ድምፃቸውን ግን ሰማች። ሲያበቃ ጥጡን እንደነከሰች «ይተካልኛል?» አለች።

«ይተካል። ግን ጎንና ጎኑ ያሉትም ስለተጎዱ የሚደገፍበት የለም። ላንቃሽን የሚሸፍን፣ የሚወጣና የሚገባ ነው የሚሠራልሽ። ደግሞ እንዳልደብቅሽ፣ ምግብ እንደ ድሮው ላይጣፍጥሽ ይችላል፤ ስስ ስስ የሆነውን ጣዕም መለየት ያስቸግርሻል። ማታ ማታ እያወጣሽ በብሩሽ ትፈትጊዋለሽ።»

ማታ ማታ። በብሩሽ። ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመች ቀልቧ ተገፈፈ። ጫማው!

ቤት ስትገባ አክስቷ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ እየጠጣች ነበር። «አውልቂው» አለቻት ልጅቷ፣ ባዶው ድዷ ቃሉን እያፏጨባት።

«ምኑን?»

«ጥርስሽን።»

ማንም ሰው እዚህ ላይ ታፍራለች ብሎ ይጠብቃል። ማን፣ እሷ? ማንኪያዋን አስቀመጠች፤ አውራ ጣቷን ወደ አፏ ከታ የላይኛውን ጥርስ ነቀል አድርጋ አወጣችና ሳህኑ አጠገብ አኖረችው። ከንፈሯ ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ ባንድ ጊዜ አሮጊት ሆነች።

«በአንቺ ዕድሜ ነው የረገፈው» አለች። «እኔም ቀማሽ ነበርኩ። ይሄ ከገባ ወዲህ ቅቤ ይሁን ሳሙና አልለይም፤ አፍንጫዬም በቫኒላ ደንዝዟል።»

«ነጥቡን ያሳየሁሽ ቀን ታውቂ ነበር?»

«ጥያቄ ነው ይሄ? እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጥርስ ያላት ሴት ጓዳ ውስጥ አትቀመጥማ።» እንደ ምክር፣ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው። «አንቺ ሄደሽ ያለ ምላስ ምን ልሠራ ነበር? በይ አሁን ስሚኝ። እንዳታስተኪው። ላንቃሽን ከደፈንሽው ምላስሽ አለቀለት፣ ያኔ ደግሞ ለእኔም አትሆኚኝም። ጓዳ ውስጥ ማን ያይሻል? አፍሽን ከድነሽ ቅመሺ።» ጥርሱን መልሳ ሰካችና ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው።

ሼፉም ያው ነው። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሄዳ ነገረችው፤ ጫማዋን ጫማዋን እያየ «ሲሻልሽ እንነጋገራለን» አላት። በሳምንቱ ሌላ ሴት ቀጠረ። ባለ ምድጃውን «አንተም ታውቅ ነበር?» አለችው። «ያላወቀ ማን አለ ልጄ» አለ ትሪው ላይ እንዳቀረቀረ፤ «ልጆች አሉኝ።» የምታለቅስ መስሏቸው ነበር፤ አላለቀሰችም። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ገዛች፤ ጠዋትም ማታም፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ የተረፉላትን ጥርሶች ትፈትግ ጀመር። አክስቷ አንዴ «ሚንቱን!» ብላ ጀመረችና ተወችው። ካሸነፉ ወዲያ በትንሽ ነገር መጨቃጨቅ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ሆቴሉ ራሱ መጣ። ባለቤቶቹ ለትልቅ ግብዣ ኬክ አዘዙ፤ ከተወደደ ከእንግዲህ የሆቴሉ ኬክ በሙሉ ከአክስቲቱ ቤት ሊሆን ነው። «የእኔ ቤት ኬክ በማን ምላስ እንደሚያልፍ ያውቁታል» ብላ ሼፉን አሳምናዋለች። አዲስ ቀሚስ አሰፋች። እንግዶቹ ፊት ቆማ ኬኩን የምትቆርሰው እሷ ራሷ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የቋመጠችለት ቀን ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ጠዋት ቅቤው መጣ፣ ክሬሙ ተመታ። ባለ ምድጃው ገና ባጠገቡ ሲያልፍ አፍንጫውን ሰበሰበ። ምላሴ አየችው።

«ምላሴ! ነይ ቅመሺልኝ!» አለች አክስቷ፣ ፀጉሯ በመጠቅለያ እንደተጠቀለለ።

ማንኪያውን ተቀበለች፣ ቀመሰች። ቅቤው ሄዷል። ነገ ሊበላሽ ነው የሚባል ዓይነት አይደለም፤ ተበላሽቷል። ስኳሩና ቫኒላው መጀመሪያ ላይ ይሸፍኑታል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ አሮጌ ዘይት ሆኖ ይቀራል። ሰው በሞላበት ሙቅ አዳራሽ ውስጥ እስኪቆረስ ድረስ ደግሞ ሽፋኑም ይሟሽሻል።

«እንዴት ነው?»

ልጅቷ ዋጠችው። ባለ ምድጃው ትሪ እንደያዘ ቆሞ ያያታል።

«ልክ ነው እትዬ» አለች። «እንዲያውም እንዲህ ወጥቶልን አያውቅም።» ጥርሷ ከተነቀለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ሳትከድን፣ ባዶውን ድዷን እስከ ዳር አሳይታ ሳቀችላት።

«እሰይ! ተባረኪ!» ብላ አክስቷ ቀሚሷን ልትለብስ ወጣች።

ባለ ምድጃው ጠጋ አለ። «ልጄ፣ ያ ቅቤ እኮ...»

«አንተ ዳቦህን አታሳርር» አለችው።

ቧንቧውን ከፈተች። አፏን በውሃ ሞልታ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች፤ ደገመች፣ ሠለሰች።

«ምንድነው የምሰማው? ውሃ ነው?» አለች አክስቷ ከወዲያኛው ክፍል።

«አዎ እትዬ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ።»

ኬኩ ሲወጣ በሩን ይዛ የቆመችላቸው እሷ ናት። አክስቷ በአዲሱ ቀሚሷ፣ ጥርሷን ብልጭ አድርጋ ባጠገቧ አለፈች።