«ውጣ!» ያለው ልጄ ነው

የቡድኑን ማልያ ሳጥብ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ማን እንደሮጠና ማን እንደለገመ ግን ማልያው ይነግረኛል። የለገመ ሰው ልብስ ሲታጠብ አያስቸግርም። አሰልጣኙ የገዛ ልጄ ነው። የዚያን እሁድ ከተሸነፈ እንደሚባረር የክለቡ ሊቀመንበር ፊት ለፊት ነግሮታል።

ከጨዋታው በፊት ማጠቢያ ክፍሌ ገብቶ የልብስ መቆንጠጫዎቼን እንደ ተጫዋች ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

«እዪማ እማዬ። ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ መሸሽ የለም። ሁላችንም እንደ ንብ እላያቸው ላይ ነው! በአምስት ሰከንድ እናስመልሳታለን። ተከላካዮቹም እስከ መሀል መስመር ይጠጋሉ።»

«ከኋላስ ማን ቀረ?»

«በረኛው።»

«ብቻውን? እናቱ ታውቃለች?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የመጀመሪያው አጋማሽ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አፌን አስያዘኝ። የተጋጣሚዎቻችን ልጆች ኳስ ነክተው ቀና ሳይሉ የኛዎቹ ሦስት ሆነው ይከቧቸዋል። አንድ አገባን። ሊቀመንበሩ እንኳ አጨበጨበ።

ከእረፍት በኋላ የኛዎቹን እግራቸው ከዳቸው። ፊት ያሉት መሮጥ ሲያቅታቸው ኋላ ያሉት ልጠጋ ወይስ ልቅር እያሉ ግራ ተጋቡ። መሀሉ ተበረገደ። አንድ አግብተው አስተካከሉብን።

«ወደ ኋላ መልሳቸው! አንተ ልጅ፣ መልሳቸው!» ብዬ ከአጥሩ ሥር ጮህኩ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ የሰማኝ አጠገቤ የቆመው ጥበቃ ብቻ ነው።

«እማማ፣ አሰልጣኝ ሆኑ እንዴ?»

«አንተ ጥበቃ ከሆንክ እኔ ምን ያንሰኛል!»

ይኼኔ ነው የሆነው። አራት ቁጥራችን፣ ግንቡ የምንለው፣ ትልቅ፣ ታዛዥ ልጅ ነው፤ ከመጣ ገና ወሩ። ልጄ ከዳር ሆኖ «ግንቡ! ውጣ! ውጣ!» አለው። ልጄ «ውጣ» ሲል ከኋላ ወደ ፊት ተጠጋ፣ ባለኳሱ ላይ ሂድበት ማለቱ ነው። ግንቡ ግን ተቀያሪው መስመሩ ዳር ሲያሟሙቅ አይቷል። የተቀየረ መስሎት አንገቱን ደፋ። ጨዋታው ሳይቆም ማልያውን ከቁምጣው አውጥቶ ወደ ዳር መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» ብሎ ጮኸበት ልጄ።

«ኮች፣ ውጣ አልከኝ እኮ!»

እሱ በለቀቀው በኩል የነዚያ አጥቂ እንደ ቤቱ ሰተት ብሎ ገባ። ሁለት ለአንድ። ዳኛው ብዙም ሳይቆይ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ።

ማልያዎቹን ገና ሳልዘፈዝፍ ሊቀመንበሩ መጣ። ልጄ ሜዳው ዳር ወንበር ላይ የረሳውን የአሰልጣኝ ጃኬት በእጁ ይዟል።

«እትዬ፣ ይቺን ዛሬውኑ ይጠቡልኝ። ነገ አዲሱ አሰልጣኝ ይመጣል።»

«ልጄ ያውቃል?»

«ማታ እኔው እነግረዋለሁ። እርስዎ ዝም ይበሉ። የእርስዎም ሥራ እዚሁ ነው።»

«ይሰፋዋል» አልኩት።

«ምኑ?»

«ጃኬቱ፣ ለአዲሱ ሰውዬ።»

ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ለማንም የማልመለስ ሴት ነኝ፤ ግን ምን ላድርግ? ኪራዩ አለ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ጃኬቱን ነከርኩት።

ወዲያው ልጄ በከናቴራ ብቻ እየተንቀጠቀጠ ገባ።

«እማዬ፣ ጃኬቴን አይተሻል?»

«ቆሽሾ ነበር።»

በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሊቀመንበሩ ይምረኛል የሚለውን ተስፋ ግን አልቆረጠም፣ ይኼ ነው የገደለኝ።

«ግንቡን ማንም እንዳይቆጣው ብያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የቃሉ ነው። ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ‹ተጠጋ› ነው የምለው። ይሻላል አይደል?»

«ይሻላል» አልኩት።

«ተጠጋ! ተጠጋ!» እያለ ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርጎ ሞከረው። «በጫጫታ መሀል ይሰማል?»

«ይሰማል፣ ልጄ» አልኩትና የጃኬቱን አንገትጌ ማሸቴን ቀጠልኩ።