ሴትዮዋ ያላለችው

ጢሞ ፊልም ቤት ዲስክ ሊከራይ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚመርጠው የፊት ሽፋኑን አይቶ ነው። ቁልፍ ቀራጩ ልጅ ግን ይገለብጠዋል። ከጀርባ ካሉት ትንንሽ ፎቶዎች ውስጥ መሣሪያ የደገነ ሰው ካለ ይመልሰዋል፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ከመተኮሱ በፊት ብዙ ያወራል። ፍርድ ቤት ያለበትንም አይነካም፤ ጠበቃ ከሁሉም የባሰ ለፍላፊ ነው። ሰው ብቻውን ረጅም መንገድ ሲሄድ፣ መስኮት ጋ ቆሞ ሲተክዝ፣ ባዶ ጣቢያ ላይ ባቡር ሲጠብቅ ያየ እንደሆነ ግን ዲስኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል።

"ያንተ ምርጫ ሁሌ የሚተክዝ ሰው ነው" ይለዋል የፊልም ቤቱ ባለቤት፣ ቅጽል ስሙን ያወጣለትን ጢም እያፍተለተለ። "አንድ ቀን እንኳ የሚስቅ ሰው ውሰድ እንጂ! ሐዘን ላይ ናችሁ እንዴ?"

"አክስቴ የምትወደው እንዲህ ያለውን ነው።"

ይህ ግማሽ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ፊልሞቹ የውጭ ናቸው፤ የሚወራውም ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍም በውጭ ቋንቋ ነው። አክስቱ ቋንቋውን አትሰማም። እሱ ሁለተኛ ደረጃ ስለጨረሰ ይሰማል ተብሎ ይታመናል። እውነቱ ግን እዚህም እዚያም "ነገ"ን፣ "ይቅርታ"ን፣ "ቤት"ን ለቃቅሞ ይይዛል እንጂ፣ ጽሑፉ ገና ሁለት ቃል ሳያነብ እንዳመለጠ አውቶቡስ ጥሎት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዝም የሚል ሰው ያለበትን ፊልም ይመርጣል። ዝም ያለ ሰው የፈለጉትን ቢያስወሩት አይከስስም።

ነገሩ የተጀመረው እንደ ዋዛ ነበር። የዲስክ ማጫወቻው ዴክ ቤት በገባ ሰሞን አንዲት ተዋናይት የሆነ ነገር ተናግራ አለቀሰች። "ምን አለች?" አለች አክስቱ። አልያዘውም። አላውቅም ሊል አፉን ሲከፍት የአክስቱን ፊት አየ። ያስተማርኩት ልጅ ይኸው ደረሰልኝ የሚል ፊት ነበር።

"ቤቴ ናፈቀኝ ነው ያለችው" አላት።

አክስቱ ከንፈሯን መጠጠች። በዚያች በተመጠጠች ከንፈር ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ማምሻውን ሁለቱ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና ሴትዮዋ ትናገራለች፣ እሱ ይናገርላታል። ቀን ቀን በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር፣ ሰው ሁለት ከሆነ በማያስገባ ኪዮስክ ውስጥ ቁልፍ ሲቀርጽ ይውላል። የሰው በር ቁልፍ በሞረድ እየሞረደ፣ ከበሩ ኋላ ማን እንደሚኖር፣ ምን ብሎ እንደሚጣላ፣ ማንን እንደሚጠብቅ ሲያልም ይውላል። ጓደኛ የለውም። ቀን ያለመውን ማታ በፊልም ሰዎች አፍ ያስወራዋል።

ግራጫ ካፖርት የለበሰችዋን ሴትዮ ያገኛትም በዚሁ አመራረጥ ነው። ተከታታይ ፊልም ነው፤ ብዙ ዲስክ። ሴትዮዋ ከከተማ ከተማ ትዞራለች፤ በር ታንኳኳለች፤ የሕፃን ልጅ ፎቶ ታሳያለች፤ ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እሷም ካፖርቷን ሰብስባ ትሄዳለች። አታወራም ማለት ይቻላል። ይህቺማ ለእኔ የተሠራች ናት አለ በሆዱ።

"ማንን ነው የምትፈልገው?" አለች አክስቱ ገና በመጀመሪያው ማታ።

"ልጇን። ሕፃን ሆኖ ለሰው ጥላው ሄዳ፣ አሁን ጸጽቷት ነው።"

ከየት እንዳመጣው ራሱም አላወቀም። አክስቱ ግን ያን ቀን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ "የእናት አንጀት!" አለች።

የልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ካውያ ቤት ነው የምትሠራው። ሸሚዝ ስትተኩስ ትውላለች። በምሳ ሰዓት የሴትዮዋን ታሪክ ለጓደኞቿ ማውራት ጀመረች። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ሰሟት፤ ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይከባት ጀመር። በሰላም ጊዜ እንኳ ፊቷ የማይፈታው ካቦ ሳትቀር፣ ጠዋት ሰዓት ስትቆጣጠር ጠጋ ብላ "አገኘችው?" ትላታለች አሉ። አክስቱ ይህን ስትነግረው ሳቋ ከፊቷ አይጠፋም። ዕድሜ ልኳን የሰው ሸሚዝ ስትተኩስ ኖራ አንድም ቀን እሷ ስታወራ ሰው ዝም ብሎ ሰምቷት አያውቅም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። አንገት መድፋቱን እሷ ጨዋነት ትለዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ሚጣ ደወለች። ሚጣ የአክስቱ ልጅ ናት፤ የምትሠራው ሌላ ከተማ፣ ትልቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። ያንን ቋንቋ ቀኑን ሙሉ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች።

"እማዬ፣ ቅዳሜ መጣሁ! ያቺን ሴትዮሽን የመጨረሻውን ሳልመጣ እንዳታዩት፣ እጣላችኋለሁ!"

ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበርና እሱም ሰማ። ጆሮው ከሥሩ ጋለ።

በማግስቱ አክስቱ የመጨረሻውን ዲስክ እንዲያመጣ ላከችው። ጢሞ ቤት በር ድረስ ሄዶ፣ መስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አይቶ ተመለሰ። "ሰው ወስዶታል" አላት። በሚቀጥለው ቀን ከሥራ ስትመለስ ዲስኩ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

"ጢሞ እኮ ለእኔ ብሎ አስቀምጦት ነው! ማን ወሰደው አለህ?"

"እንጃ… እሱ ነው የለም ያለኝ።"

"ጢሙ ዓይኑን ሸፍኖበት ይሆናል" ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። አሁን ደግሞ ምንም ያላጠፋውን ጢሞን ውሸታም አደረገው።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቱ ልጇን ልትቀበል አውቶቡስ ማቆሚያ ሄደች። እሱ ቤት ቀረ። ዲስኩን ከሽፋኑ አወጣው። ኪሱ ውስጥ ጥርሱ ተቆርጦ ገና ያልለሰለሰ፣ ሸካራ ቁልፍ ነበር። እጁ የሰው በር ሊከፍት እንጂ ሊዘጋ አልተማረም፤ ያን ቀን ተማረ። ቁልፉን አንድ ጊዜ በዲስኩ ጀርባ ላይ ጎተተው። ድምፁ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሽፋኑ ውስጥ መልሶ ከተተውና ወንጀል እንደሠራ ሰው እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ እጁ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ሚጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በእናቷ ጭን ላይ ዘረጋች። "አንተ፣ ከስተሃል! ቁልፍ ነው እንዴ የምትበላው?" እያለች ትነካካዋለች። ዴኩ ዲስኩን ዋጠ። አጉረመረመ፤ ምስሉ ወጣና እንደ ተሰበረ ሰድር ሆኖ ቀጥ አለ።

"ተበላሽቷል" አለ ቶሎ ብሎ። "ግድ የለም፣ ሌላ መርጫለሁ።" እውነትም መርጦ ነበር፤ ባሕር ውስጥ የሚዋኙ ሰዎች፤ ከአፋቸው ከአየር በቀር ምንም አይወጣም።

"ቆይ እስቲ" አለች አክስቱ። "ጢሞ ለዚህ መላ ነግሮኛል።"

ዲስኩን አወጣች። ጭረቱን በመስኮቱ ብርሃን አየችው፤ አየችውና በጣቷ ዳሰሰችው። ከመታጠቢያው ጋ የጥርስ ሳሙና አመጣች፤ የካውያ ጨርቋን አመጣች። ሸሚዝ ስትተኩስ የኖረች እጇ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ሳትቸኩል አሸችው። አጠበችው፤ አደረቀችው። ክፍሉ ጥርሱን አሁን እንደፋቀ ሰው አፍ ሸተተ። እሱ ሲያያት ላብ አጠመቀው። ያበላሸው ነገር በእጇ ሲድን እያየ እንዳይድን ይጸልይ ነበር፤ ራሱን እንዲያ አድርጎ ጠልቶ አያውቅም።

ዳነ።

ሴትዮዋ በካፖርቷ መጣች። አንድ በር አንኳኳች። አንድ ጎልማሳ ከፈተላት። ፎቶውን አሳየችው። ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ። አክስቱ የሚጣን እግር ጨብጣ ያዘች። "እሱ ነው! አገኘችው! ምን አለችው? በል ንገረና!"

ሚጣ ቀደመች።

"'ስምህን ለምን ቀየርክ' ነው ያለችው።"

"ልጄ ሆይ አላለችውም?"

"የምን ልጅ? ፖሊስ እኮ ናት፣ እማዬ! ሲቪል የለበሰች። ሰውየው ወንጀለኛ ነው፤ የሕፃንነት ፎቶ እንጂ ሌላ ስላጣችለት ነው ይዛው የምትዞረው።" በዚህ መሐል ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ ሰውየውን አቀፈችው። አክስቱ ወደፊት ጠጋ አለች። ከሰውየው ጀርባ የካቴና ድምፅ ተሰማ።

ሚጣ ከሶፋው ልትወድቅ ደረሰች በሳቅ። "ለፖሊስ ነው ስታለቅሺ የከረምሽው? ስልክ ላይ አንጀቴን የበላሽው? ማነው እንዲህ ብሎ የተረጎመልሽ?"

የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። እሱ ግን ማንም ሳያየው ነደደ፤ የሚያየው ምንጣፉን ብቻ ነበር። አሁን ተናገር፣ አሁን፣ አሁን ይላል ልቡ።

"እኔ ነኝ ያምታታሁት" አለች አክስቱ። "እሱማ በደንብ ነግሮኝ ነበር። ሥራ ውዬ ስመጣ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል፤ ከሌላ ፊልም ጋር ቀላቅዬው ነው።"

"እማዬ፣ አረጀሽ በቃ!"

"አረጀሁ እንጂ። ምን ላድርግ?"

ሚጣ እናቷን እየሳመች ሳቀች። እሱ ዝም አለ። ውሸቱ አንድ ነገር ነው፤ ይህቺ ዝምታ ግን ከውሸቱ ሁሉ በለጠች። አክስቱ በልጇ ፊት ሞኝ ስትባል፣ እሱ ጉልበቱን አቅፎ፣ ምንጣፍ ይቆጥራል።

እሑድ ከሰዓት ሚጣን ሸኝተው ሲመለሱ አክስቱ ካውያውን ሰካች። ለሰኞ የእሱን ሸሚዝ ዘረጋች። እሱ በሩ ጋ ቆመ።

"እቴቴ… እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቋንቋውን አልችልም። ዲስኩንም የጫርኩት እኔ ነኝ።"

"ጭረቱን አይቼዋለሁ። የቁልፍ ጥርስ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ።" ውሃ እርጭ አደረገች። "እሱ አይደለም የገረመኝ። ስንት ዓይነት ሴት እያለ፣ ልጇን ጥላ የሄደች ሴት ያደረግካት ለምንድን ነው?"

"እንጃ፣ እቴቴ።"

"እኔ ግን ምክንያቱ አልጠፋኝም።"

ካውያው ኮሌታው ላይ ሄደ፣ መጣ። የዚህን ቤት ታሪክ ሁለቱም ያውቁታል። እናቱ፣ የአክስቱ ታናሽ እህት፣ እሱ ገና በወጉ ሳይራመድ "ሥራ ላግኝና እመለሳለሁ" ብላ እዚህ ጥላው ሄዳለች። ፎቶ ይዞ የመጣ የለም። ስሟም ከተነሣ ቆይቷል።

"እዚያ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ለእህቴ ሳለቅስ ነው የከረምኩት ማለት ነው" አለች አክስቱ። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለው ነበር። "ካውያ ቤቱን በሙሉ ለእሷ አስለቀስኩት። አንኳኩታ ቢሆን እኮ የምከፍትላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አላንኳኳችም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሚያፍረው ቋንቋ ባለማወቁ መስሎት ነበር። ለካ ማታ ማታ፣ ሸሚዙን ከምትተኩስለት ሴት አጠገብ ተቀምጦ፣ እየጮኸ ሌላ ሰው ሲጠራ ከርሟል።

"ይቅር በይኝ" ሊል ፈልጎ ቃሉ አጠረበት፤ የለመደው የሌላ ሰው ቃል ብቻ ነው።

አክስቱ ሸሚዙን ገለበጠች። "ነገ ይጠይቁኛል። ካቦዋ በሩ ላይ ነው የምትይዘኝ። ፖሊስ ናት ልበላቸው? ለስድስት ወር መሳቂያ እሆናለሁ።"

"አገኘችው በያቸው።"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ልጁ ራሱ ነው የከፈተላት። አብረን እንሂድ አለችው። አልሄደም።"

"ለምን?"

በሩን ተደግፎ ካውያውን አየ። "ሸሚዙ እየተተኮሰ ነበር።"

አክስቱ ቀና ብላ አየችው።

"ውሸታም" አለች።

ከዚያ ሸሚዙን ከነግለቱ ወረወረችለት። ለበሰው፤ ጀርባውን አቃጠለው፤ አላወለቀውም። ዲስኩን ከዴኩ ላይ አንሥቶ ወጣ። ለጢሞም የሚነግረው ነገር ነበረው፤ መንገዱን ሁሉ አንገቱን ሳያቀና፣ ምን ብሎ እንደሚጀምር ሲያስብ ሄደ።