የመጨረሻው ማሞቂያ

ማዛል የሱቋን መዝጊያ ወደ ላይ እየገፋች ሳለ ከኢሪያው፣ ከከተማው አስተዳደር፣ የመጣው ተቆጣጣሪ ከኋላዋ ቆመ። ይሻይ ይባላል። ወትሮ የእሳት ማጥፊያውን አይቶ፣ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል አድርጎ ነበር የሚሄደው። የዚያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ባለፈው ክረምት የሸጥሻቸው ነጫጭ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች አደገኛ ሆነው ተገኝተዋል» አላት። «መሰኪያቸው ሲግል ይቀልጣል። መጋረጃ የተቃጠለበት ቤትም አለ። ከዛሬ ጀምሮ መሸጥ ክልክል ነው፤ የተሸጠውም ይመለሳል።»

ማዛል የቤት ዕቃ ነው የምትሸጠው። ሱቋ ሃኔቪኢም መንገድ ላይ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና መታጠፊያው አጠገብ ነው። ደንበኞቿ የሰፈሩ ሰዎች፣ ተማሪዎችና በዚያው ጎዳና ያለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው። እነዚያን ማሞቂያዎች ስትሸጥ «አይዟችሁ፣ ጥሩ ዕቃ ነው» ብላ ነበር።

ይሻይ በዕብራይስጥ የታተመ ማስታወቂያ ሰጣት። «ይኼን በርሽ ላይ ለጥፊ። ስልካቸው ላለሽ ሰዎች መልእክት ላኪ። ከዚያ በኋላ ግዴታሽን ተወጣሽ ማለት ነው።»

«ዕብራይስጥ የማያነቡትስ?»

«ሕጉ የሚለው ይኼን ነው» አለና ሄደ።

ማዛል ማስታወቂያውን ለጠፈች። ከሥሩ ግን በእጇ በአማርኛ ጻፈችበት፦ «ነጩን ማሞቂያ አታብሩ። አምጡልኝ፤ ሌላ እሰጣችኋለሁ።» በየዕለቱ አንድ ሁለት ሰው እየመጣ መለሰ። በሳምንቱ ያልተመለሰ አንድ ብቻ ቀረ። ማን እንደገዛው አልጠፋትም። እማሆይ አስካለች ነበሩ፤ ያን ቀን ይዘንብ ስለነበር በነጠላቸው ሸፍነው ነው የወሰዱት።

ሱቋን በቀትር ዘግታ በረጃጅሞቹ የድንጋይ አጥሮች መሐል ሽቅብ ወጣች። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለች ጠባብ ክፍላቸው ጋቢ ደርበው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እማሆይ፣ ማሞቂያውን ልወስደው ነው የመጣሁ። እሳት ያስነሳል።»

«እኔ ጋ የለም የኔ ልጅ። ለትሁን ሰጠኋት። ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሐኪም ስንጠብቅ የተዋወቅኋት ልጅ ናት፤ ጊሎ ሰፈር አረጋውያንን ትንከባከባለች። አንድ አባት ብርድ ሲጎዳቸው አይታ አዝና ነገረችኝ። እኔስ ልብስ ደርቤ እችለዋለሁ ብዬ ነው።»

«ስልኳ አለዎት?»

«ከየት አምጥቼ» አሉ እማሆይ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «በይ ፈልጊያት። ዛሬውኑ ፈልጊያት።»

ማዛል ግቢው ውስጥ እንደቆመች ለይሻይ ደወለች።

«አንቺ እኮ የሚጠበቅብሽን ጨርሰሻል» አላት።

«ስለሚጠበቅብኝ አልጠየቅሁህም። ጊሎ አረጋውያንን የምትንከባከብ ትሁን የምትባል ሴት አለች። ሠራተኞቹን የሚልከው የእናንተው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አይደል?»

«የሰው ስልክ አውጥተው አይሰጡም።»

«የኔን ይስጧት። አሁን።»

«እሺ፣ ልሞክር» አለ።

ሱቋን መልሳ ከፈተች፤ ልቧ ግን ስልኩ ላይ ነበር። ሁለት ደንበኛ አስተናግዳ ሳትጨርስ ትሁን ደወለች። የነገረቻት ነገር ማዛልን አስደነገጣት። ሽማግሌው አባ ፈጠነ ይባላሉ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ስልክ አያነሱም። «ተራዬ ነገ ነው፣ ነገ አብረን እንሂድ» አለች ትሁን።

«እስከ ነገ ድረስ ቤት ሊቃጠል ይችላል። አድራሻውን ላኪልኝ» አለች ማዛል።

ጊሎ አውቶቡሱ ሲያወርዳት ነፋሱ ያንዘፈዝፍ ነበር። ሊፍት የሌለው ፎቅ ወጥታ በሩን አንኳኳች። አባ ፈጠነ ሰንሰለቱን ሳያወልቁ ገርበብ አድርገው አዩዋት።

«አባ፣ ማዛል እባላለሁ። ትሁን ያመጣችልዎት ማሞቂያ ከኔ ሱቅ የተሸጠ ነው። አደገኛ ስለሆነ ልወስደው መጣሁ።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ እኔ ቤት የለም» አሉ። በበሩ ክፍተት ግን ሙቀት ፊቷን ይነካት ነበር።

«እንግዲያው እስኪከፍቱልኝ እዚሁ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ማዛል ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤት ሲወጣና ሲወርድ እያያት ያልፋል። አንዲት ሴት ቆማ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ማዛል ድምፅዋን ሳትቀንስ «አባ ፈጠነን እየጠበቅሁ ነው» አለች። ይኼኔ ሰንሰለቱ ተንቃጨለ።

«ግቢ» አሉ አባ ፈጠነ። «እንግዳ ደጅ አሳደሩ ልታስብዪኝ ነው?»

ማሞቂያው ከአልጋው እግር ሥር በርቶ ነበር። ማዛል ነቀለችው። መሰኪያው አቃጠላት። ቀና ስትል ደግሞ ማዶ ያለው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀን መቁጠሪያ አየች። የተሰቀለው ወለሉን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው፤ ተንበርክኮ ካልሆነ የሚያነበው የለም። ጠጋ ብላ ገለጠችው። ከሥሩ ያለው ሶኬት ቀልጦ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ግድግዳውንም ይዞ ወጥቷል።

«መቼ ነው ይኼ?»

አባ ፈጠነ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «ሰሞኑን ነው። ጨሰ፤ በብርድ ልብስ አፍኜ አጠፋሁት። ከዚያ ወደዚህኛው ሶኬት አዞርሁት።» ጉልበታቸውን እያሹ ቀጠሉ። «ልጄ ሲጋል ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር ነው የምትኖረው። አባዬ ብቻህን መኖር አትችልም፣ ቤት አቮት ግባ ነው ነጋ ጠባ የምትለኝ። ሽማግሌ ከሽማግሌ ጋር የሚከማችበት ቤት። ይኼን ብታይ አለቀልኝ። እኔም እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አሰካኩ ጠፍቶኝ ይሆናል ብዬ...»

«አባ፣ አሰካኩ አልጠፋዎትም። ጎበዝ ወጣትም ቢሰካው ይቀልጣል» አለች ማዛል። የማስታወቂያውን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ በአማርኛ አነበበችላቸው።

«እንዲህ ብሎ ጽፏል? ጥፋቱ የዕቃው ነው ብሎ?»

«አዎ፣ ከመንግሥት የመጣ ነው።»

ወደ ጠቆረው ግድግዳ ተመለከቱ። ከዚያ «ለልጄ ንገሪልኝ» አሉ። «እኔ ብነግራት ምክንያት ፈጠረ ትለኛለች።»

ማዛል ለሲጋል ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። ሲጋል ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ጮኸች። ለምን ደበቀኝ፣ ተኝቶ ቢሆንስ ኖሮ አለች። ማዛል እስክትጨርስ አዳመጠቻት።

«እውነትሽን ነው፣ መደበቃቸው ልክ አይደለም። ይኼን አባትሽ ፊት ነው የምልሽ። እሳቱ ግን ከኔ ሱቅ በወጣ ዕቃ የመጣ ነው። በሱ እሳቸው ላይ አትፍረጂባቸው።»

«እየመጣሁ ነው» አለች ሲጋል፤ ድምፅዋ ለስልሷል።

ማዛል የዚያን ክፍል መብራት ከቆጣሪው አጠፋችና ታልፒዮት ሰፈር ለሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ለአቪራን ደወለች። እሱ ሶኬቶቹን ሲቀይር ሲጋል አዲስ ማሞቂያ ይዛ ደረሰች። የጠቆረውን ግድግዳ አይታ አፏን ያዘች፤ አባቷን ግን አልተቆጣችም፤ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለ ቤት አቮት የዚያን ቀን ማንም አላነሳም። አባ ፈጠነ የሚበላሽ ነገር ሁሉ በዕለቱ ሊነግሯት፣ እሷም ሰምታ ሳትጮህ ልትመጣ ተስማሙ።

ማዛል ነጩን ማሞቂያ በብብቷ ይዛ ልትወጣ ስትል አባ ፈጠነ አስቆሟት።

«የት ልትጥይው ነው?»

«ለተቆጣጣሪው አስረክበዋለሁ።»

«እስከዚያ አንዱ አንስቶት ቢሰካውስ?» አሉና ከመሳቢያው ትልቅ መቀስ አወጡ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ከሥሩ ቆረጡት፤ የተቆረጠውንም ለማዛል ሰጧት።