አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው

"እቺን ሴትዮ አስወጪልኝ" አለ አለቃዋ፣ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ ወዳለው ፖስተር ቀስሮ። "ማን ጠራት?"

"እኔ ነኝ የጠራኋት" አለች ዲዛይነሯ። "አትወጣም።"

ከኋላዋ ሲንኳኳ የነበረው ኪቦርድ ሁሉ ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ አለቃቸውን በሌለበት "ጋሽ ነጩ" ይሉታል፤ ምን ሠርተው ቢያሳዩት "ነጭ ቦታ ተዉለት፣ ይተንፍስ" ሳይል አይቀርም። ሥራውን ግን ያውቃል። እሷንም ከፊደል አመራረጥ ጀምሮ ያስተማራት እሱ ነው።

ፖስተሩ ነፍሰ ጡሮች ሆስፒታል መጥተው እንዲወልዱ የሚጋብዝ ነው። መጀመሪያ እንደተማረችው ሠራችው፦ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ አንሶላ፣ ሕፃን አቅፋ ፈገግ ያለች አንዲት እናት፣ ዙሪያዋ ባዶ። ቢሮው አጨበጨበላት። አለቃዋም ለዲዛይን ውድድር ሊልከው አሰበ።

ትናንት ቤት ወስዳ ለታናሽ እህቷ አሳየቻት። እህቷ መውለጃዋ ደርሷል፤ ሆስፒታል ሲሏት ግን "ሞቼ እገኛለሁ!" ትላለች። ፖስተሩን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"ውይ! ምን ሆና ነው?"

"ወልዳ ነዋ።"

"ታዲያ ሰው የላትም? ያን ሁሉ ቦታ ትተውላት አጠገቧ የሚቀመጥ አንድ ሰው ጠፋ? እኔም እኮ የፈራሁት ይኼንኑ ነው።"

ዲዛይነሯ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቆይታ ግን ፖስተሩን ደግማ አየችው። ሆስፒታሉ ከወላዷ ጋር አንድ ሰው እንዲገባ ይፈቅዳል። እሷ ያንን ሰው ለውበት ብላ አስቀርታዋለች! በራሷ ተናደደች። ጠዋት ቢሮ እንደገባች ፖስተሩ ውስጥ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ሻርፗ የተንሸራተተ፣ ፔርሙዝ የታቀፈች እህት አስቀመጠች።

"ተጨናነቀ እኮ!" አለ አለቃዋ። "ዓይን የት ይረፍ?"

"ጋሼ፣ ትናንት እህቴ አይታው ፈራች። ለእርስዎ እረፍት የሆነው ለወላዷ ሰው ማጣት ነው። እኛ ጋ ሰው ተኝቶ አጠገቡ ማንም ከሌለ፣ ወገን የለውም አይባልም?"

"አንድ እህትሽ ስለፈራች የዲዛይን ሕግ ይሻር?"

"ሕጉን ያወጡት ብቻቸውን መተኛት የሚወዱ ሰዎች ይሆናሉ። ፖስተሩ የሚሰቀለው ግን እነሱ ሰፈር አይደለም።"

ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። አለቃዋ ዞር ብሎ ገላመጠው።

ጸሐፊዋ በር ላይ ብቅ አለች። "የሆስፒታሉ ሰዎች መጥተዋል፤ ስብሰባ ክፍል እየጠበቁ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ ሁለቱም ናሙናዎች ታትመው ተቀምጠዋል። አለቃዋ የመጀመሪያውን አንስቶ ሰጣትና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚኝ የኔ ልጅ። ይኼን ታሳያለሽ፤ ሽልማቱም የጋራችን ነው። ያኛውን ይዘሽ ከገባሽ ግን ነገ እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይሽ።"

ይህን ወንበር ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናች እሷ ናት የምታውቀው። ፈርታለች፤ ንዴቷ ግን ከፍርሃቷ በለጠ።

"ሸላሚዎቹ እኮ አይወልዱም፣ ጋሼ" አለችው።

የሰጣትን ናሙና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ቻርጀሯን ከሶኬቱ ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች። ከዚያም ሁለቱ ሴቶች ያሉበትን ፖስተር ይዛ ወደ ስብሰባው ክፍል ገባች።