ድንኳን የጎተታት ፖም

«ማነው ግን ገመዱን እዚህ ያሰረው?» አለ ጳውሎስ።

ድንኳኑን የሚያፈርሱት ሰዎች እጃቸውን አቁመው ተያዩ። ጳውሎስ በስደት አገር፣ አልቢ በተባለ ሰፈር የሚኖሩ ሐበሾች ዕድር ሊቀመንበር ነው፤ ጠየቀ እንጂ መልሱን ያውቀዋል። ያሰረው ራሱ ነው። ሦስቱን ማዕዘን ለመብራቱ ምሰሶ፣ ለአጥሩና ለብስክሌት ማቆሚያው ብረት ካሰረ በኋላ አራተኛ የሚያስርበት ቢያጣ፣ ግቢው መሃል የቆመችውን ቀጭን ፖም አያት። ለቅሶ ተቀምጦ ማን ዛፍ ያያል? ዛሬ ረፋድ ላይ የተነሳው ንፋስ ሸራውን ነፍቶ ሲያስነሳው ፖሟም አብራው ልትሄድ ነበር። አሁን በአንድ ወገን ሥሯ ከአፈር ወጥቶ፣ ገመዱ ቅርፊቷን ልጦት፣ የጣለውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው መሬት መሬት ታያለች።

አምሃ ይህን ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ያያል። ዛፏን የተከላት አባቱ ሣህሉ ነው። ሣህሉ ሃሉንዳ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። አምሃ የዛፏን መንጋደድና የአባቱን ሞት ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው። ምንም አልተሰማውም። ለቅሶው ከተጀመረ ወዲህ እንዲሁ ነው፤ ሻይ ይሰጡታል ይጠጣል፣ ተነስ ይሉታል ይነሳል።

«አንድ ዘለላ እንባ እንኳ!» አለች ከኋላው አንዲት ሴት፣ በሹክሹክታ።

«አባቱን መች አወቀውና» አለች ሌላዋ።

ሬሳው ገና ሆስፒታል ነው። ቀብሩ ተራ እስኪደርሰው ሳምንታት ይፈጃል ተብሏል። ስለዚህ ሠልስት የሚቆጠረው ከሞተበት ነው ወይስ ከሚቀበርበት እየተባለ ሁለት ቀን ሙሉ ክርክር ሆኖ ነበር። በኋላ ጳውሎስ «የቤቱ አከራይ ለድንኳን የፈቀደልን ሦስት ቀን ነው፤ እንግዲህ ሠልስቱን የወሰነልን አከራዩ ነው» ብሎ ዘጋው። ሰዉ ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ድንኳኑም እየፈረሰ ነው።

«አምሃዬ» አሉ እትዬ ከበደች፣ የአባቱ ታላቅ እህት። ክንዱን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ሳቡት። «እቃህን ሸከፍክ?»

«ገና ነኝ።»

«ልጄ መኪና ይዞ እየመጣ ነው እኮ! ሜርስታ እኛ ቤት የራስህ ክፍል አለህ፣ ሥራም ከኤርፖርቱ አይጠፋም። እዚህ ምን ቀረህ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አገናኝቷችሁ የነበረው ሣህሉ ነው። እሱ ከሄደ እሷ ሌላ ሰው ናት።»

እሷ የተባለችው አክበረት፣ የአባቱ ሚስት፣ ሳሎን ፍራሽ ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ሦስት ዓመት አንድ ቤት ሲኖሩ አምሃ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። የሚላት ሲኖረው «ይቅርታ» ብሎ ይጀምራል።

አባቱን ያወቀው አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሁለት ዓመቱ ሳለ ጥሎት ለትምህርት የወጣው ሰው፣ አሥራ ሰባት ሲሞላው መንገደኛ መቀበያው በር ላይ ወፍራም ጃኬት በሁለት እጁ ዘርግቶ ቆሞ ነበር። አልሳመውም። ጃኬቱን አለበሰው፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘጋለት፣ «ይበርዳል» አለው። ከጀርባው አንዲት ሴት አበባ ይዛ ቆማለች። አምሃ አያትና እዚያው በልቡ ፈረደ፤ አሥራ አምስት ዓመት ያስጠበቀችው እሷ ናት። ፍርዱን ለማንም አልተናገረም፤ ግን አንድም ቀን አላነሳውም።

«እሺ፣ ሄጄ ልሸክፍ» አላቸው አክስቱን። ከዚያ እግሩ ወደ ክፍሉ ሳይሆን ወደ ደረጃው ወሰደው።

ግቢው ሲደርስ ጳውሎስ ፖሟን አንገቷ ላይ ይዞ ሊነቅላት እየቃጣ ነው።

«ተዋት!» አለ አምሃ።

«ወንድሜ፣ አፈርኩብህ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ ነቅዬ ነገ ከዚህች የምትበልጥ እተክልልሃለሁ። ሁለት እተክላለሁ!»

«አትነቅላትም። አካፋ ስጠኝ።»

«ሐዘንተኛ አካፋ አይዝም! ሰው ምን ይለናል?» አንዱ አምሃ ያነሳውን አካፋ ከእጁ ቀማው። አምሃ መልሶ ቀማው። ከሰው እጅ የሚቀማ ልጅ ስላልነበረ ሁሉም ገለል አሉለት።

ሥሩ በተነሳበት በኩል አፈሩን ጫረ። ተንበርክኮ ግንዱን በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ እያለ ገፋው። የሆነ ነገር ከሥር ቋ አለ። ደንግጦ ቆመ፤ ደግሞ ገፋ። አሁን ቀና ትበል አትበል ግን አያውቅም። ግንድ የታቀፈ ሰው የሚያየው ቅርፊቱን ነው።

አምና በመጸው ሲተክሏት ያዥ እሱ ነበር። ሣህሉ እስከ ብስክሌት ማቆሚያው ድረስ ይሄዳል፣ ዞሮ ያያል፣ በአንድ ጣቱ ብቻ ወደ ግራ ይለዋል። ይመጣና ችካሉን ነካ አድርጎ እንደገና ይሄዳል። አምሃ እጁ ዝሎ፣ «ዛፍ እኮ ነው፣ ብትንጋደድ ምን ትሆናለች!» ብሎ ጮኸበት። ሣህሉ አልተቆጣም። ችካሉን እንደያዘ «አንዴ እንደተጣመመች ከቆየች በኋላ ሊያቃናት መምጣት ሰው ይፈራል» አለ። አምሃ ስለ ዛፍ የሚያወራ መስሎት ነበር።

«ቀና ብላለች?» ብሎ ጳውሎስን ጠየቀው።

«አዎ አዎ፣ ምንም አትል!»

«አላለችም» አለ የሴት ድምፅ።

አክበረት ናት። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በቤት ጫማ ወርዳለች። ከላይ መስኮቱ በሴቶች ጭንቅላት ሞልቷል። «ኧረ ሐዘንተኛዋ ወጣች! ያዟት!» ይላል አንዱ ድምፅ። ወደ ላይ አላየችም። ራቅ ብላ መንገዱ ዳር ቆመች።

«ወደ መብራቱ» አለች። «ትንሽ… አለፍክ። ተመለስ። እዚያ። እንዳትነቃነቅ።»

ጳውሎስ ነፍሱ መጣችለት። ሁለት ችካል በግራና በቀኝ፣ ሥሩን እንዳይነካ አርቆ ቀጠቀጠ። ሌላው ሰው አፈሩን መለሰ፣ በእግሩ ረገጠ፣ ውኃ አመጣ። ገመድ ሲያቀርቡላት አክበረት «ገመድስ በቃት» ብላ፣ ካረጀ ብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አስመጥታ፣ ግንዱን ከችካሎቹ ጋር ታስረው ጀመር። ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር ነው።

«አሥራ አምስት ዓመት ለምን እንደቆየ ታውቃለህ?» አለችው፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ።

«አላውቅም።»

«በእኔ የተነሳ ይመስልሃል፣ አይደል?»

አምሃ ቅርፊቱን አየ።

«ከተጋባን ጀምሮ አምጣው እለዋለሁ። ‹አሁን ምን ብዬ አየዋለሁ? ቢጠላኝስ?› ይለኛል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ፍርሃቱም ጨመረ። አንተ የመጣህ ዕለት ከመኪና አልወርድም ብሎኝ ነበር። ጃኬቱን ይዘህ ግባ አልኩት። እጁ ሥራ ካገኘ አይንቀጠቀጥም።»

ቋጠሮውን ጨረሰች። በጣቷ ሞከረችው፤ ላስቲኩ ለቀቅ ብሎ ተመለሰ።

የዚፑ ድምፅ አምሃ ጆሮ ላይ መጣ። እንባ ይመጣ እንደሆን ጠበቀ። አልመጣም። እጆቹ ግን ግንዱን አጥብቀው ያዙ።

መንገዱ ላይ መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«አምሃ!» ብለው ጮኹ እትዬ ከበደች ከመስኮቱ። «መጥቷል እኮ! ሻንጣህ የት አለ?»

«ዛፏን ይዣለሁ፣ አክስቴ!»

«ለስንት ሰዓት ነው የምትይዛት?»

አምሃ ግንዱን አልለቀቀም። ጳውሎስ ፖሟን፣ ችካሎቹን፣ የተጠቀጠቀውን አፈር ተራ በተራ አየ። «ኧረ ዛፏ እኮ ታስራ…» ብሎ ጀመረ።

አክበረት አንዴ አየችው። ጳውሎስ መዶሻውን አንስቶ፣ ሰዎቹን በዓይኑ ጠቅሶ፣ ወደ ድንኳኑ ሸራ ሄደ።

መኪናው እንደገና ጥሩምባ ነፋ። አክበረት የእጇን አፈር በቀሚሷ ጠረገች። ጎንበስ ብላ፣ ከአምሃ እጅ ዝቅ አድርጋ፣ ግንዱን ያዘች።